ዲስቲንጉዊሽድ ፕሮፌሰር፦ ክብሩ፣ ወንበሩና ስንቁ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

የምኖረው ከአዲስ አበባ ዳር፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ የጤፍ ማሳ በሚጀምርበት ጫፍ ላይ ነው። ሥራዬ ማስተማር ነው። ዳር የምንኖር መምህራን ሰርቪስ ላይ ብዙ ሰዓት ስለምናሳልፍ ብዙ እናወራለን። ከወሬያችን የማይጠፋ አንድ ጉዳይ አለ፤ “ጎልተው የወጡ መምህራኖቻችን ለምን እንደ ውጭው ዲስቲንጉዊሽድ ፕሮፌሰር አይባሉም?” የሚለው። ተማሪም ይጠይቃል፣ ጎረቤትም ይጠይቃል። እንግዲህ አንድ ቦታ ሰብሰብ ብሎ ቢቀመጥ ይሻላል ብዬ ይኸው ጻፍኩት። “ዓ.ም” ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሙሉ ፕሮፌሰር ከሆኑ በኋላ ደግሞ ሌላ ደረጃ አለ እንዴ?

በእኛ መሰላል ላይ የለም። ከረዳት ምሩቅ ተነስተው፣ በሌክቸረር፣ በረዳት ፕሮፌሰርና በተባባሪ ፕሮፌሰር አድርገው ፕሮፌሰር ይሆናሉ። እዚያ ላይ መሰላሉ ያልቃል። በ45 ዓመቱ እዚያ የደረሰ ሰው እስከ 60 ድረስ ወደ ላይ የሚያየው ነገር የለውም። ከዚያ ወይ ዲን ይሆናል፣ ወይ ፕሬዚዳንት ይሆናል፣ ወይ አማካሪ ድርጅት ይከፍታል። ከሦስቱ በየትኛውም ቢሄድ ቤተ ሙከራው ሰው ያጣል።

ሌላ አገር ይህን ክፍተት የሚሞሉት ከፕሮፌሰርነት በላይ በተቀመጠ ማዕረግ ነው። ስሙ እንደየቤቱ ይለያያል። ኢንዲያናና ፐርዱ የተባሉት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች “ዲስቲንጉዊሽድ ፕሮፌሰር” ይላሉ። ኤምአይቲ “ኢንስቲትዩት ፕሮፌሰር” ይላል። ሃርቫርድ ከ1935 ጀምሮ “ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር” ይላል፤ ይህን ያገኘ ሰው በአንድ ትምህርት ክፍል አጥር አይታጠርም፤ በፈለገው ፋኩልቲ ገብቶ ማስተማርና መመራመር ይችላል። ስሙ ምንም ይሁን ምን የሚሰጠው ለጥቂት ሰው ነው። ሰውየው አለቃ አይሆንም፣ ማኅተምም አይይዝም። ሥራውን እንዲቀጥል ነው የሚከበረው።

ከኤመረተስና ከክብር ዶክትሬት በምን ይለያል?

ኤመረተስ ጡረታ ለወጣ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኤመረተስ ፕሮፌሰሮች አሉት፤ የታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ አንዱ ናቸው። የክብር ዶክትሬት ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ላልሠራ ሰውም ይሰጣል፤ ለዘፋኝ፣ ለሯጭ፣ ለነጋዴ፣ ለፖለቲከኛ። ዲስቲንጉዊሽድ ፕሮፌሰር ግን ገና በሥራ ላይ ላለ፣ ነገ ጠዋት ክፍል ለሚገባ መምህር ነው። እኛ ሰውን ማመስገን የምንጀምረው ወይ ሲሸኝ ወይ ሲሞት ነው። ይሄኛው በቁም ማክበር ነው።

ይሄ የፈረንጅ ነገር አይደል? እኛን ምን ያገናኘናል?

ስሙ የፈረንጅ ነው። ነገሩ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የአብነት ትምህርት ቤትን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ድጓ የተባለውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተማረ ሰው የትም ይማር የት፣ ለማስመስከር የሚሄደው ጋይንት ቤተልሔም ነው። ዝማሬና መዋሥዕት ከሆነ ዙር አባ ነው። እዚያ ተፈትኖ ሲያልፍ ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን ከነትርጓሜያቸው የጠነቀቀ ደግሞ “አራት ዓይና” ይባላል። ይሄ ፎርም ተሞልቶ፣ ነጥብ ተደምሮ የሚገኝ ማዕረግ አይደለም። ሌሎች ሊቃውንት ካልመሰከሩልህ በቀር የሚሰጥህ የለም። ተማሪውም የመምህሩን ስም ሰምቶ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ አገር አቋርጦ በእግሩ ይመጣል።

ከምስክሩ ጀርባ ደግሞ መሬት ነበር። ደብሩ ለሚያገለግሉትና ለሚያስተምሩት መሬት ይመድብ ነበር፤ መምህሩም ከዚያ ይበላል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ለገበሬው ትልቅ ቀን ነበር። የብዙ ጉባኤ ቤት ስንቅ የተቋረጠውም በዚያው ሰሞን ነው። ወንበሩ አለ፣ መምህሩ አለ፣ የሚበላው ግን የለም።

አሁን ወደ እንግሊዝ እንሻገር። በ1663 ሄንሪ ሉካስ የተባሉ የፓርላማ አባል ሲሞቱ በኑዛዜያቸው በዓመት 100 ፓውንድ የሚያስገባ መሬት ተገዝቶ፣ ከገቢው በካምብሪጅ አንድ የሂሳብ ፕሮፌሰር እንዲቀመጥ አዘዙ። መጀመሪያ አይዛክ ባሮው ተቀመጡበት። በ1669 ቦታው ለአይዛክ ኒውተን ተላለፈ። ስቴፈን ሆኪንግ ከ1979 እስከ 2009 የያዙት ይህንኑ ወንበር ነው። ሉካስ ሂሳብ ይወቁ አይወቁ ለውጥ የለውም። መሬቱን አስቀመጡ፤ ወንበሩም ከ350 ዓመት በላይ ቆመ።

ጋይንትም ሆነ ካምብሪጅ የሠራው ዘዴ ያው ነው። ሊቃውንት ይመሰክራሉ፣ መሬት ይቀልባል። ስለዚህ “ከፈረንጅ የተኮረጀ” ለሚሉኝ ብዙም አልጨነቅም።

ይህን ማዕረግ ያገኘ ኢትዮጵያዊ አለ?

አለ፤ ለዚያውም ከእኛ ብዙ ሳይርቅ የተወለደ። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የወሎንኮሚ ልጅ ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ስትሄዱ ሆለታን አልፋችሁ፣ አዲስ ዓለምን አልፋችሁ ያለችው ወሎንኮሚ። ያደጉት አንድ ክፍል ባላት የሣር ጎጆ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት ያለበት ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ይርቃል። እሑድ ማታ በእግራቸው ይሄዳሉ፣ ሳምንቱን እዚያው ተምረው ዓርብ ይመለሳሉ። ከዚያ ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ዓለማያ፣ ከዚያ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ።

ሥራቸው ማሽላ ነው። መጀመሪያ ሱዳን ውስጥ ድርቅ የሚችልና ምርቱ ከፍ ያለ ዲቃላ ማሽላ አወጡ፤ በ1983 ለገበሬ ተለቀቀ። ቀጥሎ አቀንጭራን ተያያዙት። ወሎና ትግራይ ያለ ገበሬ አቀንጭራን ማስተዋወቅ አያስፈልገውም፤ ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ ምግቡን የሚመጥ፣ ሐምራዊ አበባው ሲታይ ያማረ፣ ማሳውን ግን ባዶ የሚያስቀር አረም ነው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው አረሙ በምን ምልክት እንደሚነቃ አጠኑ። የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ነው የሚቀሰቅሰው። ያንን ኬሚካል በትንሹ የሚያመነጭ ማሽላ ከተገኘ አረሙ ተኝቶ ይቀራል። ከዚህ ሥራ የወጡት ጎቢዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች ኢትዮጵያ ውስጥ ለገበሬ ደርሰዋል።

በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። በ2023 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ተቀበሉ። በፐርዱ ያላቸው ማዕረግ ዲስቲንጉዊሽድ ፕሮፌሰር ነው።

እዚህ ላይ ሰዎች “ነቢይ በአገሩ አይከበርም” ብለው ይተክዛሉ። እኔ ሌላ ነገር ነው የምታዘበው። አንድ አረም ላይ ከ30 ዓመት በላይ መቀመጥ የቻሉት ፐርዱ ቦታውን፣ ተማሪውንና ጊዜውን ስለሰጣቸው ነው። ማዕረጉ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

እኛ ጋ ምንም የለም ማለት ነው?

ምንም የለም አይባልም። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን አስቡ። በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቀንድ አውጣ ደግሞ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ነው። ከዚያች ምልከታ ተነስተው ዕድሜያቸውን ለእንዶድ ሰጡ፤ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር “አማራጭ ኖቤል” የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በስማቸው ይጠራል። ትልቅ ክብር ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ውጭም የበጎ ሰው ሽልማት አለ፤ ከ2005 ዓ.ም ጀምሮ መምህራንን ጨምሮ በየዘርፉ ሰው ያመሰግናል። በንጉሡ ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ምሁራንንና ከያንያንን ይሸልም ነበር። የጎደለው በሥራ ላይ ላለ መምህር የሚሆን፣ በጀት ያለው፣ ቋሚ ወንበር ነው። የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ በ2015 ዓ.ም ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል። ራሱን የሚያስተዳድር ተቋም የራሱን ወንበር ለመትከል ሰበቡ ይቀንስበታል።

ሽልማቱ ምን ይዞ ይመጣል? ካባና ፎቶ ብቻ ነው?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው።

ስሙን የማልጠራው ተቋም ውስጥ የነበረ አንድ የምስጋና ዝግጅት ልንገራችሁ። አዳራሹ በፊኛ ተሸልሟል። የላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። ዕድሜያቸውን ለማስተማር የሰጡ ፕሮፌሰር መድረክ ላይ ወጡ፤ ጋቢ ለበሱ፣ በፍሬም የተደረገ ምስክር ወረቀት ተቀበሉ፣ ከሰባት ሰው ጋር ፎቶ ተነሱ። ንግግሩ ረዘመ። ለስላሳው ሞቀ። በማግስቱ እኚሁ ሰው በኮሪደር ሲመላለሱ አገኘኋቸው። ለቤተ ሙከራቸው የጠየቁት ኬሚካል “ስፔሲፊኬሽኑ ይስተካከል” ተብሎ ከግዥ ክፍል ተመልሶባቸው፣ እንደገና ፊርማ እያሰባሰቡ ነበር። ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። ጋቢውን አልለበሱም፣ እርግጥ።

እኔ ክብር የምለው ያን ፊርማ የሚያስቀር ነገር ነው። በየአገሩ የተሳካላቸው ወንበሮች ከስሙ ጋር ስንቅ አላቸው። ካናዳ በ2000 በጀመረችው የምርምር ወንበር ፕሮግራም ከፍተኛውን ደረጃ ለያዘ ሰው ዩኒቨርሲቲው በዓመት 200,000 የካናዳ ዶላር ለሰባት ዓመት ያገኛል፤ ይታደሳልም። የጀርመን የሁምቦልት ፕሮፌሰርነት ቤተ ሙከራ ለሚያስፈልገው ዘርፍ ለአምስት ዓመት እስከ 5 ሚሊዮን ዩሮ ይደርሳል። ገንዘቡ ወደ ኪስ የሚገባ አይደለም። ፒኤችዲ ተማሪ ይቀጠርበታል፣ መሣሪያ ይገዛበታል፣ ጉባኤ ይኬድበታል።

“እኛ ይሄን ከየት እናመጣለን?” ይሉኛል። ሁሉም ብር አይጠይቅም እኮ። የማስተማር ሎዱን በግማሽ መቀነስ ብዙ ወጪ የለውም። ሁለት ረዳት ምሩቅ መመደብ ይቻላል። ለባለ ወንበሩ ትንሽ የግዥ ሥልጣን መስጠት፣ ማለትም በተወሰነ ገንዘብ ውስጥ በራሱ ፊርማ እንዲገዛ መፍቀድ፣ ከሜዳሊያ ይበልጣል። በአሜሪካው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ካምፓስ የኖቤል ሽልማት ያገኘ ፕሮፌሰር በስሙ የተከለለ የመኪና ማቆሚያ ይሰጠዋል። ሰው ይስቃል፤ እዚያ ካምፓስ ፓርኪንግ ፈልጎ የሚያውቅ ግን አይስቅም። ለመምህሩ ዕለት በዕለት የሚያስቸግረው ምን እንደሆነ የገባው ሰው ነው ያን ያሰበው።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?

በውጭው ዓለም የተለመደው ቋሚ ፈንድ ነው። አንድ ሀብታም ወይም የቀድሞ ተማሪ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ይሰጣል። ዋናው አይነካም። ኢንቨስት ይደረግና በየዓመቱ ከ4 እስከ 5 በመቶ ያህሉ ለወንበሩ ይወጣል። ሰጪው ስሙ ወንበሩ ላይ ይቀራል።

እኛ ጋ ይህን እንዳለ መገልበጥ ያስቸግራል። 10 ሚሊዮን ብር ተገኘ እንበል። 5 በመቶው በዓመት 500,000 ብር ነው፤ ለአንድ ቤተ ሙከራ አይናቅም። ግን ብሩ ባንክ ቢቀመጥ ትንሹ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው። በ2022 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ፍጥነት ከሄደ ወንበሩ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ስሙ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ጥሬ ብር ሰጥቶ መሄድ አያዋጣም። የሚከራይ ሕንፃ ወይም አክሲዮን ይሻላል። የድሮዎቹ መሬት የመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ዛሬ ግን መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም።

ሌላው መንገድ መንግሥት ነው። ደቡብ አፍሪካ ከ2006 ጀምሮ በብሔራዊ የምርምር ፋውንዴሽን በኩል የምርምር ወንበሮችን በመንግሥት በጀት ትከፍላለች፤ ዩኒቨርሲቲዎቿ ተወዳድረው ያገኛሉ። ለእኛ የሚቀርበው ሞዴል ይሄ ይመስለኛል። ዳያስፖራውና ባለሀብቱ ቢጨምሩበት ደግ ነው። ብቻቸውን ይሸከሙት ማለት ግን የዋህነት ነው።

ማን ይመርጣል? ዝምድናና የሰፈር ልጅነት አይገባበትም?

ይገባል። ካልተከለከለ ይገባል። እዚህ አገር ይሉኝታ አለ፤ አብሮህ ሻይ የሚጠጣ ሰው ሲጠቆም “አይገባውም” ብሎ እጅ የሚያነሳ የለም። ከዚያ በላይ ደግሞ ብሔርና ፖለቲካ አለ። ሳንሸፋፍን እንነጋገር ከተባለ፣ መምህራን ይህን ሐሳብ ሲሰሙ ፊታቸው የሚጠቁረው በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ ፍርዱን ከግቢው ማስወጣት ነው። ጠንካራ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ዕጩው ለውጭ ምሁራን ይጽፋሉ፤ አብረውት ላልሠሩ፣ ተማሪው ወይም አስተማሪው ላልነበሩ። ደብዳቤው በምስጢር ይያዛል። የሚጠየቀው የጽሑፍ ብዛት አይደለም። “ይህ ሰው ባይኖር ዘርፉ ምን ይጎድልበት ነበር?” የሚል ነው። በገንዘብ የሚያሳትሙ ጆርናሎች በበዙበት ዘመን ወረቀት መቁጠር ያሳስታል፤ ባለ 80 ወረቀቱ ባዶ፣ ባለ 12ቱ ሙሉ ሊሆን ይችላል። አገር ውስጥ ከዩኒቨርሲቲዎቹ ወጣ ያለ ዳኛ ካስፈለገ የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ አለ፤ በ2010 የተቋቋመ፣ ጉለሌ በብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ግቢ የሚገኝ። አባላቱ ከየዘርፉ የተመረጡ ናቸው።

እኔ ብሆን አንድ ነገር እጨምራለሁ። ብቁ ሰው ካልተገኘ ወንበሩ ባዶ ይዋል የሚል አንቀጽ። “በጀቱ እንዳይመለስ ቶሎ ሙሉት” ከተባለ አለቀለት።

ግሩም የሚያስተምሩ፣ ግን ብዙ ያላሳተሙ መምህራንስ?

እኔም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሁላችንም አንድ እንዲህ ያለ መምህር አለን። ኖት አይዙም፤ ጠመኔ ብቻ ይዘው ይገባሉ። ሰሌዳው ከግራ ወደ ቀኝ ይሞላል፣ የመጨረሻው መስመር ላይ ደወሉ ይደወላል። አርባ ደቂቃ ያልገባህ ነገር በአንዲት ጥያቄ ይበራልሃል። እኚህ ሰው ተባባሪ ፕሮፌሰር ሳይሆኑ ጡረታ ይወጣሉ።

አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተማር ብቻ የተለየ ዲስቲንጉዊሽድ ማዕረግ አላቸው፤ ትክክል ነው እላለሁ። ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን ሁሌም አስተማሪውን ያከስረዋል፤ ምርምር ይቆጠራል፣ ማስተማር ግን በተማሪ ልብ ነው የሚቀረው። ማስረጃ የለውም ማለት ግን አይደለም። ከአሥር ዓመት በፊት የተመረቁ ተማሪዎችን ጠይቁ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ የሚሞላው ፎርም የሚነግራችሁ ውጤት የለቀቀውን መምህር ነው።

ለትልቁ ሰው ከምትጨምሩ ለወጣቱ ሌክቸረር ቤት ኪራይ አትከፍሉም?

ከሰርቪስ የኋላ ወንበር በኃይለኛ ድምፅ የሚነሳ ጥያቄ ነው፤ ተገቢም ነው። “ላለው ይሰጠዋል፣ ይበዛለትማል” የሚለውን የማቴዎስ ወንጌል ቃል የሶሺዮሎጂ ሊቁ ሮበርት መርተን በ1968 ለሳይንስ ዓለም ተጠቀመበት። ስም ያለው ሰው አንድ ነገር ሲሠራ ምስጋናው ይጎርፍለታል፤ ስም የሌለው ያንኑ ቢሠራ የሚያየው የለም። የሚገርመው መርተን ራሱ በ1974 በኮሎምቢያ የመጨረሻውን ማዕረግ፣ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርነትን፣ አገኘ።

መልሴ እንዲህ ነው። ወንበሩ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ከሆነ ይቅር፤ ለቤት ኪራዩ ይዋል። ባለ ወንበሩ ግን በየዓመቱ ሁለትና ሦስት ወጣት ይዞ እንዲያሠለጥን፣ ግራንት ሲያገኝ እንዲያካፍል፣ ወረቀት ላይ ስማቸውን ከፊት እንዲያስቀምጥ በውሉ ላይ ይጻፍ። ካናዳም ቢሆን ሁለተኛውን ደረጃ የመደበችው ገና ብቅ ለሚሉት ነው።

ሴቶችስ?

የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አዲስ አበባ ላይ በሩን የከፈተው በ1950 ነው። ፕሮፌሰር ያለምፀሐይ መኮንን በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ሙሉ ፕሮፌሰር የሆኑት በ2009 ነው። ወደ 60 ዓመት ማለት ነው። ሙሉ ፕሮፌሰር መሆን ቅድመ ሁኔታ ከሆነ ዕጩዎቹ ከወዲሁ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ደቡብ አፍሪካ በ2015 ለሴት ተመራማሪዎች ብቻ ጥሪ አውጥታ ወንበር ሰጥታለች። “ሲደርሱ ያገኙታል” እያሉ መጠበቁን ሞክረነዋል፤ ፍጥነቱ ከላይ ያለው ነው።

ከከተማ ዳር ላለ ዩኒቨርሲቲ ምን ይጠቅመዋል? ትልልቆቹ ስድስት ኪሎ አይደል ያሉት?

ዳሩ ሰፍቷል። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቂሊንጦ ነው። የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ በምሥራቅ በኩል ነው። ከከተማው አጥር ወጣ ስትሉ ደግሞ ሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ሰው ግን አሁንም ዳር ሲባል መገፋት ይመስለዋል። “ወደ ቂሊንጦ ተመደበ” ሲባል “ምን አጥፍቶ ነው?” የሚል አለ።

እስቲ ወደ ጋይንት እንመለስ። ቤተልሔም ከተማ ነበር? ዙር አባስ? የቅኔው ዋሸራስ? አንዳቸውም ከተማ አልነበሩም። ሊቁ እዚያ ስለተቀመጠ አገሩ ወደዚያ ሄደ። ፐርዱም ያለው ኢንዲያና ውስጥ፣ የበቆሎ ማሳ በከበባት ትንሽ ከተማ ነው፤ የወሎንኮሚው ልጅ ኒውዮርክ አልሄዱም። ስለዚህ ዳር ያለ ዩኒቨርሲቲ አንድ እውነተኛ ሊቅ ቢያስቀምጥ የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪው መንገዱን ራሱ ያገኘዋል። ማስታወቂያ አያስፈልገውም።

ግን ሊቁ ዳር እንዲቀመጥ ዳሩ መኖሪያ መሆን አለበት። ትንሽ የምትመስል ምሳሌ ልስጥ። ሰርቪሱ 11 ሰዓት ላይ ይነሳል። ሙከራው ደግሞ 12 ተኩል ላይ ነው የሚያልቀው። ተመራማሪው ምን ያደርጋል? ወይ ሙከራውን ያቋርጣል፣ ወይ አምሽቶ በጨለማ ዋናው መንገድ ድረስ በእግሩ ወጥቶ ሚኒባስ ይለማመጣል። አብዛኛው ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ 11 ሰዓት ላይ የሚያልቅ ሙከራ ብቻ መሥራት ይጀምራል። የአገሪቱ ሳይንስ በሾፌሩ ሰዓት ይለካል ማለት ነው። ለባለ ወንበሩ በግቢ ውስጥ ቤት፣ መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣውን የሚይዝ ጄኔሬተር፣ ማታ የሚሠራ ኢንተርኔት፤ ሹመቱ ሲጻፍ እነዚህ አብረው ይጻፉ።

ጡረታ ሲደርስ ማዕረጉ ምን ይሆናል?

የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል፤ ለዩኒቨርሲቲ መምህራን ማራዘም ይቻላል። በዲስቲንጉዊሽድ ማዕረግ ላይ ያለ ሰው ጡረታ ሲወጣ ብዙ ቦታ “ዲስቲንጉዊሽድ ፕሮፌሰር ኤመረተስ” ይባላል። ስሙ ይቀራል፣ ወንበሩ ለሌላ ይለቀቃል።

ማዕረጉ ሊነጠቅ ይችላል?

መቻል አለበት። የሐሰት የምርምር ውጤት የፈጠረ፣ የተማሪውን ሥራ በስሙ ያሳተመ፣ ተማሪ ያዋረደ ሰው ማዕረጉን ይዞ መቀጠል የለበትም። እንደ ካናዳው በዓመት የተገደበና የሚታደስ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ ሰውን ከማባረር አለማደስ ይሻላል።

“ፕሮፍ” ብዬ ልጥራቸው ወይስ ሙሉውን?

“ፕሮፍ” ይበቃል። ሙሉውን የሚወድ ሰው ካጋጠማችሁ የመጀመሪያው ቀን ላይ ራሱ ይነግራችኋል።

መምህሬን መጠቆም እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ማዕረጉ በዩኒቨርሲቲያችሁ ባይኖርም መጠቆም ይቻላል፤ አንዳንድ ነገር የሚጀመረው ሰው ደጋግሞ ሲጠይቅ ነው። ደብዳቤው ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይጻፍ፣ ግልባጭ ለዲኑና ለአካዳሚክ ምክትል ፕሬዚዳንቱ። “ታታሪ፣ ቅንና አገር ወዳድ” የሚሉትን ቃላት ተዉአቸው፤ ለሁሉም ይባላሉ። በምትኩ የሠሩትን አንድ ነገር በቁሙ ጻፉ። ምን አገኙ? ማን ተጠቀመበት? የትኛው ተማሪያቸው ዛሬ የት ደረሰ? ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚመሰክሩላቸው ሦስት ሰዎች ስም ጨምሩ፤ አስቀድማችሁ ግን ሰዎቹን አስፈቅዱ። መምህሩ ራሳቸው የትምህርትና የሥራ ማስረጃቸውን እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ እምቢ ካሉ ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ ጽሑፎቻቸውን ሰብስቡ። ከሁለት ገጽ አይለፍ። መዝገብ ቤት ስታስገቡ ቁጥርና ቀን አስጽፉ፤ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ለራሳችሁ አስቀሩ። የመጀመሪያው መጥፋቱ አይቀርም።